100 ሚሊዮን ዲግሪን በምን ለኩት? የድሬ በያጅ የጠየቀን ጥያቄ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘን መጥተናል። ቪዲዮ የለውም፣ ዳታችሁን አይበላም።

ነገሩ የጀመረው ሳቢያን፣ አንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የሞተር ሳይክላችን ዕቃ መጫኛ ተሰብሮ ልናስበይድ ሄደን ነበር። ተራ እስኪደርሰን ስልክ ስንነካካ ያ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ቪዲዮ መጣ። «ሰው ሠራሽ ፀሐይ ተሠራ! ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ! ከእንግዲህ ዓለም የመብራት ችግር የለባትም!» ከኋላው ደግሞ ያ የሚያስፈራራ ሙዚቃ። በያጁ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በትከሻችን አሻግሮ አየና፣

«አቦ፣ እሱን በምን ለኩት?» አለን።

«ምኑን?»

«መቶ ሚሊዮኑን ነዋ! እኔ እዚች የምበይዳትን እንኳ ምንም አስገብቼ አልለካትም። የምታስገባው ሁሉ ይቀልጣል። እነሱ ምን አስገብተው ነው?»

መልስ አልነበረንም። ቪዲዮውን ደግመን አየነው፤ እሱም መልስ የለውም። ሌሎች አምስት ስድስት ቪዲዮዎች ከፈትን፤ ሁሉም ቁጥሩን ይጮሁታል፣ አንዳቸውም ቁጥሩ በምን እንደተገኘ አይናገሩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ይህንኑ ስናነብ ከረምን። ያገኘነው ነገር ከቪዲዮዎቹ ሁሉ የበለጠ ስለገረመን ነው ዛሬ የምንጽፍላችሁ።

ከበያጁ እሳት እንጀምር። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነካ ሲያደርግ የሚፈነጥቀው ያ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ተራ እሳት አይደለም። መሃል ያለው ጋዝ በጣም ከመጋሉ የተነሳ አተሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ኤሌክትሮኖቹ ለብቻ፣ የቀረው የአተም ክፍል ለብቻ ሆነው ሲተራመሱ ያ ነገር ፕላዝማ ይባላል። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ብለን ተምረን የለ? ይሄ አራተኛው ነው። የብየዳ ቅስት ሙቀት ከ6,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ከፀሐይ ገጽ ጋር የሚፎካከር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድሬ ውስጥ በየቀኑ፣ በየብየዳ ቤቱ፣ ትንንሽ የፀሐይ ቁራጮች ይሠራሉ። ማንም ቪዲዮ አልሠራባቸውም እንጂ።

ግን የብየዳው ፕላዝማ ስስ ነው። በጥቁር መስታወት ካየኸው ውስጡ ይታይሃል። ከእሱ በጣም የሚሳሳም አለ፤ ከጭንቅላታችን በላይ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ያለው። እሱን በኋላ እንመለስበታለን። በያጁ የጠየቀን ግን ስለ ሌላኛው ጫፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ስላለው።

የቪዲዮዎቹ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ነው። እዚያ 192 የሌዘር ጨረሮች ከወርቅ በተሠራች ትንሽ ቆርቆሮ መሰል ነገር ውስጥ ይገባሉ። መሃሏ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ኳስ አለች፤ የጤፍ ፍሬ ሳይሆን የስንዴ ፍሬ ውፍረት እንኳ የማትሞላ። የኳሷ ቅርፊት የአልማዝ ነው፣ ውስጧ ሁለት የሃይድሮጅን ዓይነቶች አሉ። ሌዘሩ ወርቁን ያግለዋል፣ ወርቁ ኤክስሬይ ይተፋል፣ ኤክስሬዩ ቅርፊቱን ያፈነዳዋል፤ ቅርፊቱ ወደ ውጭ ሲበተን የቀረውን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል። ሃይድሮጅኑ ተጨምቆ ተጨምቆ ከእርሳስ አሥር እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ልብ በሉ፣ ሃይድሮጅን ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ከጋዝ ሁሉ ቀላሉ። ሙቀቱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ያልፋል፤ የፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዋናው ቃጠሎ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ዓይንህን ብትጨፍን አመለጠህ ሳይሆን፣ መጨፈን ለመጀመርም አትደርስም።

እና በምን ትለካዋለህ?

የሚነካ ነገር ማስገባት አይሆንም። በብርሃን ማየትስ? ተራ ብርሃን ጥቅጥቅ ያለ ፕላዝማ ውስጥ አይገባም፤ ግድግዳ ላይ እንደመታ ኳስ ይመለሳል። ኤክስሬይ ይገባል። ሆስፒታል «ራጅ ተነሣ» እንደምንባለው ፕላዝማውም ራጅ ይነሣል፣ ቅርጹ ይታያል። ነገር ግን ራጅ የማያየው አንድ ነገር አለ። ፕላዝማው ውስጥ የሚርመሰመሱት ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው፤ ስለዚህ የራሳቸውን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ይፈጥራሉ። እነዚህ መስኮች ሙቀቱን ወዴት እንደሚሄድ ይቀይሩታል። ኤክስሬይ ደግሞ ቻርጅ ስለሌለው በመስኮቹ መሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ምንም አይነግርህም።

እዚህ ላይ የድሬ ልጅ የሚያውቀውን ደቻቱን አስቡ። ክረምት ላይ ዝናቡ እላይ ሐረርጌ ተራሮች ላይ ጥሎ ደቻቱ ሲሞላ ውሃው ቡና ይመስላል። ሥሩ አይታይም። ትልልቆቹ ግን ዳር ቆመው የሚያዩት ነገር አላቸው፣ ውሃው ይዞት የሚመጣውን እንጨት። እንጨቱ የት ጋር እንደተጠማዘዘ፣ የት ጋር እንደፈጠነ፣ የት ጋር እንደተሽከረከረ አይተው «እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ፣ እንዳትገቡ» ይላሉ። ሥሩን አላዩም። ሥሩ በእንጨቱ ላይ ያደረገውን ነው ያዩት።

የላቦራቶሪዎቹ ዘዴ በቃ ይሄ ነው። እንጨቱ ፕሮቶን ነው።

ፕሮቶን ቻርጅ አለው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያገኝ ይገፋል፣ የማግኔት መስክ ሲያገኝ ይጠመዘዛል። ፕሮቶኖችን በአንድ በኩል ወደ ፕላዝማው ትለቃለህ፣ በሌላ በኩል የት እንደወደቁ ትመዘግባለህ፣ ከተጣመሙት ተነሥተህ ውስጥ ምን እንዳለ ታሰላለህ።

ፕሮቶኑን ከየት ያመጡታል? አንዱ መንገድ ትንሽ እብደት ይመስላል። ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ ኦሜጋ የሚባል 60 ጨረር ያለው ሌዘር አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ማለትም የኤምአይቲ ሰዎች እዚያ ሄደው የሚያደርጉት እንዲህ ነው። የሚመረመረው ኳስ አጠገብ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሌላ የመስታወት ኳስ ያስቀምጣሉ። ውስጡ ዲዩቴሪየምና ሂሊየም-3 የሚባሉ ጋዞች አሉ። ከሌዘሮቹ የተወሰኑትን እሱ ላይ ይለቁበታል። ኳሱ ሲጨመቅ ጋዞቹ ይዋሃዱና ሁለት ዓይነት ጉልበት ያላቸው ፕሮቶኖች ይወጣሉ፣ 3 እና 14.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት። ማለትም አንዱን ፍንዳታ ለማየት ሌላ ፍንዳታ እንደ ባትሪ ያበራሉ። ፈጣኑ ፕሮቶን በሰከንድ 50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ከድሬ አዲስ አበባ በአንድ ሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ። ጉልበታቸው ሁለት ዓይነት መሆኑም ይጠቅማል፤ ዝግተኛውና ፈጣኑ በኤሌክትሪክ መስክና በማግኔት መስክ እኩል አይጣመሙም፣ ልዩነታቸው ያጣመማቸው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይረዳል።

ሌላው መንገድ በጣም አጭር፣ በጣም ኃይለኛ የሌዘር ምት በስስ ብረት ላይ መልቀቅ ነው። ከብረቱ ጀርባ ፕሮቶኖች ተፈናጥረው ይወጣሉ። ሦስተኛው ደግሞ ትልቅ የቅንጣት ማፍጠኛ መጠቀም ነው፤ ሎስ አላሞስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ 800 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ባላቸው ፕሮቶኖች በፍንዳታ መሃል ያለ ብረት ውስጡን ያያሉ። ይሄኛው ከኒውክሌር መሣሪያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ሊቨርሞርም እንደዚያው። «ለሰው ልጅ ንጹሕ ኃይል» የሚለው ቪዲዮ ይህን አይነግራችሁም፣ ግን ሁለቱም ላቦራቶሪዎች የአሜሪካ የኒውክሌር መሣሪያ ላቦራቶሪዎች ናቸው።

አሁን እኛን በጣም የገረመን ክፍል። ፕሮቶኖቹ የት እንደወደቁ በምን ይመዘገባል? በመነጽር ሌንስ! ቀልድ አይደለም። ሲአር-39 የሚባል ፕላስቲክ አለ፤ በዓለም ላይ ስንቱ ሰው ዓይኑ ላይ ያጠለቀው የፕላስቲክ መነጽር ሌንስ የሚሠራበት ነው። ፕሮቶን ሲያልፍበት በዓይን የማይታይ ጠባሳ ይተዋል። ከዚያ ፕላስቲኩን ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ጠባሳው ያለበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይበላና ትንሽ ጉድጓድ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፕሮቶን። አንዳንዴ በፕሮቶኖቹ መንገድ ላይ ወንፊት ያደርጋሉ፣ እንደ ዱቄት ወንፊት ያለ ጥልፍልፍ። ፕላዝማው ምንም መስክ ባይኖረው የወንፊቱ ጥላ ቀጥ ያለ ሆኖ ይወድቃል። መስክ ካለ የጥላው መስመሮች ይጣመማሉ። ስንት እንደተጣመመ ለካህ ማለት መስኩን ለካህ ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ ምን ተገኘ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የኤምአይቲና የሮቸስተር ሥራ እየተጨመቀ ባለ ኳስ ዙሪያ ወደ መሃል የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ አሳየ። መጠኑ በአንድ ሜትር ቢሊዮን ቮልት ገደማ ነው። ቤታችሁ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ነው። ከእሱ ሌላ እንደ ክር የተበታተነ፣ ውስብስብ መስክም ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ይኸው ቡድን በወርቁ ዕቃ ውስጥ የሚሆነውን በፕሮቶን አነሣ። እነዚህ ነገሮች በኤክስሬይ ብቻ ቢታዩ ኖሮ አይገኙም ነበር።

ፕሮቶኑ ሌላም ይናገራል። ሲገባ የነበረውን ጉልበት ታውቃለህ፣ ሲወጣ የቀረውን ትለካለህ፤ መሃል ላይ የጠፋው ፕላዝማው ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ይነግርሃል። ይሄ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ? የከሰል ምድጃን አስቡ። መጀመሪያ ክብሪትና እፍታ ይፈልጋል። አንዱ ከሰል ሲያያዝ ግን ሙቀቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ከዚያ ብታራግብም ባታራግብም ይነዳል። የሊቨርሞሩ ኳስም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ሲዋሃዱ አንድ ኒውትሮንና አንድ የአልፋ ቅንጣት ይወጣሉ። ኒውትሮኑ ቻርጅ ስለሌለው ተፈትልኮ ይሄዳል። የአልፋ ቅንጣቱ ግን ቻርጅ አለው፣ 3.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዟል፤ እዚያው ነዳጁ ውስጥ ቆሞ ሙቀቱን ከሰጠ እሳቱ ራሱን ያቀጣጥላል። ሙቀቱን ሳይሰጥ ካመለጠ ምድጃው ይጠፋል። ስለዚህ «ቻርጅ ያለው ቅንጣት ጥቅጥቅ ያለ ፕላዝማ ውስጥ ስንት ርቀት ሄዶ ይቆማል?» የሚለው ጥያቄ የወረቀት ጉዳይ አይደለም፣ መንደድና አለመንደድ ነው። ይህን በሙከራ ከለኩት አንዱ አሌክስ ዚልስትራ የሚባል የኤምአይቲ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ሊቨርሞር ገብቶ ኳሷን ለማቀጣጠል በተደረጉት ሙከራዎች ላይ ከዋናዎቹ ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ።

የበያጁን ጥያቄ ግን አልዘነጋነውም። ሙቀቱ ራሱ በዋናነት የሚነበበው ካመለጡት ኒውትሮኖች ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢፈጠሩም እኩል አይደርሱም። ነዳጁ በጋለ ቁጥር የኒውትሮኖቹ ፍጥነት ይበልጥ ይበታተናል፤ መበታተኑን ለክተህ ሙቀቱን ታወጣለህ። ቴርሞሜትሩ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከውስጥ የወጣው ነው ቴርሞሜትሩ።

እሺ፣ እስከዚህ ሳይንሱ ነው። አሁን ወደ ቁጥሮቹ፣ ምክንያቱም ቪዲዮዎቹ የሚያሳስቱት እዚህ ጋ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሊቨርሞር ኳሷ ላይ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት አሳርፎ 3.15 ሜጋጁል አገኘ። በታሪክ የመጀመሪያው ነው፣ እውነትም ትልቅ ነገር ነው። እኛ ግን ሜጋጁል ምን እንደሆነ ስላልገባን ወደ ቤታችን ቋንቋ መነዘርነው። 3.15 ሜጋጁል ማለት 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመብራት ቆጣሪያችሁ ላይ አንድ አይሞላም። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብትሰኩበት ለ15 ደቂቃ ያስጋግራል። እማዬ አንድ ሦስት አራት እንጀራ ታወጣለች፣ በቃ።

ሌዘሮቹ ራሳቸው ከመብራት መስመሩ የሳቡትስ? 300 ሜጋጁል ገደማ። ያንኑ ምጣድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው፣ ያስጋግራል። የአንድ ቀን ምጣድ አስገብተው የ15 ደቂቃ ምጣድ አወጡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ አድጎ ከ8 ሜጋጁል አልፏል፣ ደስ ይላል፣ ግን አሁንም ከመስመሩ ከተሳበው ጋር አይገናኝም። «ትርፍ ተገኘ» የሚለው ዜና ውሸት አይደለም፤ ትርፉ የተሰላው ኳሷ ላይ ካረፈው ጉልበት ጋር ነው እንጂ ከቆጣሪው ጋር አይደለም። የት ጋ እንደተለካ ካልጠየቃችሁ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ያታልላችኋል።

ይሄ ለምን ድሬዳዋ ያለን ሰዎች ጉዳይ ሆነ? ምክንያቱም ወሬው አገር ቤት ገብቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጉዳይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረመች። በሳምንቱ ስልካችን በሰው ሠራሽ ፀሐይ ቪዲዮ ተጥለቀለቀ፣ ሥሩ ላይ «የእኛም ይሄ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት።

አይደለም። ቤተሰብ፣ ይህቺን ያዙልን። ሊቨርሞር የሚሠራው ፊውዥን ነው፣ ቀላል አተሞችን ማዋሃድ። ሮሳቶም የሚሠራቸው ማመንጫዎች ፊሽን ናቸው፣ ከባድ አተምን መሰንጠቅ። ፊሽን ከ1950ዎቹ ጀምሮ መብራት እየሰጠ ያለ፣ የሚታወቅ ቴክኖሎጂ ነው፣ የሚታወቅ አደጋና የሚታወቅ ቆሻሻም አለው። ፊውዥን ገና ለአንድ ከተማ መብራት አልሰጠም። ሁለቱን መቀላቀል በሁለት በኩል ይጎዳል። አንዱ ወገን «ፀሐይ ልንሠራ ነው» ብሎ ሰማይ ይወጣል፣ ሌላው ወገን የፊሽንን አደጋ ለፊውዥን አሸክሞ ሁሉንም «ቦምብ» ይላል። መሃል ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይጠፋል። በእኛ እምነት ያ ጥያቄ የበያጁ ነው፤ በምን ይለካል? ማን ይለካዋል? ማመንጫ የሚሸጥልህ አገር መለኪያውንም፣ ለካዩንም፣ ቁጥሩን የሚያነበውንም አብሮ ካመጣልህ፣ አንተ የሚነገርህን ነው የምታውቀው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኤጀንሲው በተመሠረተበት ዓመት። ወንበሩ አለን። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን፣ ጨረር ለክቶ «ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም» ብሎ የሚከራከረውን ወጣት ስንት አድርገን እያስተማርን ነው የሚለው ላይ ነው ዜናው መሥራት ያለበት። የምርቃት ሪባን ፎቶ ላይ አይደለም።

«ቻርጅ ያለው ቅንጣት፣ ጨረር፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ሐረር ይውጣ። ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐሮማያን አልፎ፣ የሕይወት ፋና ሆስፒታል የጨረር ሕክምና አለ። ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከድሬ አንድ የካንሰር ታማሚ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ይህን ያላየ ቤተሰብ ድሬ ውስጥ ጥቂት ነው። አሁን በየቦታው እየተተከለ ያለው መሣሪያ ሊናክ ይባላል። ውስጡ የሚሠራው ኤሌክትሮኖችን ማፍጠን ነው፤ ኤሌክትሮኑ ፈጥኖ የተንግስተን ብረት ሲመታ ኃይለኛ ኤክስሬይ ይወጣል፣ ያ ዕጢው ላይ ይነጣጠራል። ለቆዳ ቅርብ ለሆነ ዕጢ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ይላካሉ። ቻርጅ ያለው የቅንጣት ጨረር ማለት ይሄ ነው፣ ከእኛ አንድ ዳገት ብቻ ርቆ ያለ።

እና ያው ችግር እዚያም አለ። የታማሚው ሰውነት ውስጥ ገብተህ «ስንት ጨረር ደረሰ?» ብለህ አትለካም። ስለዚህ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ አስቀድሞ በውሃ ገንዳ ውስጥ ይለካል፤ የሰው ሰውነት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ። አንዳንዴ ጨረር ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ፊልም ይጠቀማል። የሚገርማችሁ፣ የዚያው ዓይነት ፊልም ነው የሌዘር ላቦራቶሪዎቹ የፕሮቶኑን ፎቶ ለማንሣት የሚደራርቡት። ለሕክምና የተሠራ ዕቃ ነው ፕላዝማ ለማየት የተዋሱት። ፊዚክስ ተምሬ ምን እሆናለሁ የምትሉ የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ማሽኑ ያለ ለካዩ አይበራም።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልነው አንድ ነገር ቀርቷል፣ ሰማይ ላይ ያለው ፕላዝማ። አዮኖስፌር ይባላል። ፀሐይ የላይኛውን አየር ስትመታው ኤሌክትሮኖቹን ትነጥቀዋለች። እጅግ ስስ ነው፣ በጣም ጠንካራ በሆነበት ሰዓት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን። ብዙ መሰላችሁ? ካሊፎርኒያ ባለችው ኳስ ውስጥ በዚያው ቦታ ላይ ከሚሊዮን ቁጥር በኋላ ሌላ ሃያ ገደማ ዜሮ ትጨምራላችሁ። ስስ ይሁን እንጂ ስልካችሁን ይነካዋል። ካርታ ስትከፍቱ የሚመጣው የጂፒኤስ ምልክት በዚህ ፕላዝማ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ሲያልፍም ይዘገያል። ከመሸ በኋላ ደግሞ በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አካባቢ አረፋ መሰል ቀዳዳዎች ይፈጠሩና ምልክቱ ይንቀጠቀጣል። ያ መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው።

ሳይንቲስቶቹ ታዲያ መዘግየቱን ገልብጠው ይጠቀሙበታል። ምልክቱ ስንት እንደዘገየ ለክተው መሃል ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ያውቃሉ። የደቻቱ እንጨት፣ የኤምአይቲ ፕሮቶን፣ የእናንተ ጂፒኤስ፤ ዘዴው አንድ ነው። አዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957/58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ሥራ የጀመረው አንዱ ምክንያት ይኸው ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ መሆናችን ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ የሚባል የሕዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። ስለዚህ ፕላዝማን ሳይነኩ መለካት ለዚህ አገር እንግዳ ሙያ አይደለም፣ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። መሣሪያው ግን ጥቂት ነው፤ አፍሪካ ከሰማይዋ ስፋት አንጻር መለኪያ ከሚያንስባቸው የዓለም ክፍሎች አንዷ ናት። በላያችን ያለውን ሌላ ሰው በሳተላይት ያነብልናል።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ብየዳ ቤቱ ተመልሰን ይህንን ሁሉ ነገርነው። ስለ መነጽሩ ፕላስቲክ ስንነግረው ሳቀ፣ የራሱን መነጽር አውልቆ አገላብጦ አየው። ስለ ምጣዱ ስንነግረው «ሙሉ ቀን ለሩብ ሰዓት? ኪሳራ ነው አቦ» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፣

«እሺ፣ ፕሮቶኑ ሲገባ ስንት ጉልበት እንደነበረው በምን አወቁ?» አለን።

ይህንንስ ተዘጋጅተንበት ነበር። ጉልበቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ማፍጠኛ ፕላስቲኩን ይፈትኑታል፤ ይህን ያህል ጉልበት ያለው ፕሮቶን ይህን ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ይተዋል ብለው ሠንጠረዥ ያወጣሉ።

«የማፍጠኛውንስ?»

ተራው ደርሶ ነበር። ጭንብሉን አወረደና ኤሌክትሮዱን አነሣ፣ እኛም ፊታችንን አዞርን።